ጩኸቱ ከየት ነው? የአንድ የነፋስ ተርባይን ታሪክ

 

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። የማወራው ስለ ነፋስ፣ ስለ ድምፅና ስለ አንድ ግዙፍ ማሽን ነው። ውስጡ ግን የጥቂት ሰዎች አቤቱታ አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችሁ በአዳማ በኩል ስታልፉ ከፍታው ላይ የተተከሉትን ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች አይታችኋል። ፎቶ የተነሳችሁም አላችሁ። አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ክንፎቹ ፊታቸውን የሚሰጡት ለነፋሱ ነው። ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ክንፉን ነው፤ ማማው ከኋላ ይቆማል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር የላይኛው ክፍል በሞተር ዞሮ ይከተለዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ክንፎቹ ከማማው ጀርባ ቢሆኑ ምን ይጎዳል? እንዲያውም ስታስቡት ከጀርባ መሆኑ ይቀላል። ኃይለኛ ነፋስ ክንፉን ሲለምጠው ከማማው ያርቀዋል እንጂ ወደ ማማው አያጋጨውም። ታዲያ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የአሜሪካ መሐንዲሶች እንዲሁ አስበው ነበር። ምን እንደገጠማቸው ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1973 ነው። በዚያ ዓመት የዓረብ አገሮች ነዳጅ አንሸጥም ሲሉ አሜሪካ ደነገጠች፤ ቤንዚን ለመቅዳት ሰልፍ ሆነ። መንግሥት ሌላ የኃይል ምንጭ ፍለጋ ገባና የነፋሱን ሥራ ለማን ሰጠው? ሰውን ጨረቃ ላይ ላሳረፈው ለናሳ። ኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ያለው፣ ያኔ ሉዊስ ይባል የነበረው የናሳ የምርምር ማዕከል ሥራውን ተረከበ።

በ1975 ሞድ ዜሮ የተባለች ባለ 100 ኪሎ ዋት ተርባይን ኦሃዮ ውስጥ ተተከለች። ሁለት ክንፍ አላት፤ የክንፎቹ ክብ ከዳር እስከ ዳር 38 ሜትር ነው። ክንፎቹ ከማማው ጀርባ ናቸው። ሥራ ስትጀምር መሐንዲሶቹ ያልጠበቁት ነገር አዩ፦ ክንፎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና በወረቀት ካሰሉት በለጠ። ምክንያቱ ሲፈለግ ማማው ራሱ ሆነ። የብረት ፍርግርግ ቢሆንም ነፋሱን ይከልላል። በውስጡ ደግሞ መወጣጫ ደረጃ ነበረው። ክንፉ በማማው ጀርባ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ድንገት ይደክማል፣ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። ይህን "የማማው ጥላ" እንበለው። መፍትሔ ብለው ደረጃውን ነቀሉት፤ ነፋሱ ትንሽ ማለፊያ አገኘ።

ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ያሳሰባቸው የክንፉ ድካም ነው። ስለ ድምፅ ያን ያህል አልተወራም።

ቀጥሎ ትልቋ መጣች፤ ሞድ አንድ። የሠራት ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። ጉልበቷ 2 ሜጋ ዋት፣ የክንፎቿ ክብ 61 ሜትር። የተተከለችው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ቡን ከምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ በላይ፣ ሃዋርድስ ኖብ የሚባል ጉብታ ላይ ነው። በሐምሌ 1979 ተመረቀች። ከተማው ኮራባት። ለወጉ ነገሩ ሁሉ ጥሩ ነበር።

ከዚያ አቤቱታ መጣ።

ከተርባይኗ 3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ወደ 12 የሚሆኑ ቤተሰቦች "ድምፁ እየረበሸን ነው" አሉ። የሚያወሩት ስለተለመደው የማሽን ጩኸት አይደለም። ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል፣ እየደጋገመ የሚመጣ ምት ነው። አንዳንዱ "ከመስማት ይልቅ በሰውነቴ ይሰማኛል" ይላል። መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ ይንኳኳል። የሚገርመው ደግሞ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ይብስ ነበር። በዚያ ላይ ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው።

እስቲ ራሳችሁን በኃላፊው ቦታ አስቀምጡ። በአካባቢው ከ12 ቤት እጅግ የሚበልጥ ቤት አለ፤ አብዛኛው ምንም አላለም። ጩኸቱ አንድ ቀን አለ፣ ሌላ ቀን የለም። ውጭ ብትቆሙ እምብዛም፣ ቤት ስትገቡ ይሰማል። "ሰዎቹ ምቀኛ ናቸው" ወይም "ነርቭ ይዟቸው ነው" ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። እኛ አገር ቢሆን ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ።

እዚያ ግን ጉዳዩ ለተመራማሪዎች ተሰጠ። ኮሎራዶ ውስጥ የነበረው የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም (በኋላ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ የሆነው) ኒል ኬሊ በሚባል ተመራማሪ መሪነት ቡድን ላከ። ዩኒቨርሲቲዎችና ናሳም ተባበሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ጩኸቱ ከየት ነው?

ይህን ለመመለስ ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ኬሊና ጓደኞቹ የተጠቀሙበት ዕውቀት ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነው።

የነፋስ ፍጥነት ለመለካት የሚያገለግለውን፣ አራት ጣሳ መሳይ ነገር ያለውንና የሚሽከረከረውን መሣሪያ ሜትሮሎጂ ጣቢያ አይታችሁት ይሆናል። እሱን በ1846 የሠራው ሮቢንሰን የሚባል አየርላንድ የነበረ የሥነ ፈለክ ሰው ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ይከብዳል። ነፋሱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢለዋወጥ ጣሳዎቹ አይከተሉትም። አማካዩን ብቻ ይነግራችኋል።

በ1878 ደግሞ ቪንሴንስ ስትሩሃል የሚባል የቼክ ፊዚሲስት ሽቦ በነፋስ ውስጥ ለምን እንደሚያዜም አጠና። የመብራት ሽቦ በነፋሻ ቀን "እምምም" ሲል ሰምታችኋል አይደል? ስትሩሃል ያገኘው ነገር ቀላል ነው። የድምፁ ድግግሞሽ በነፋሱ ፍጥነት ይጨምራል፣ በሽቦው ውፍረት ይቀንሳል። በኋላ እንደታወቀው ነፋሱ ከሽቦው ጀርባ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ አዙሪት እየለቀቀ ነው የሚሄደው። ሒሳቡም እጅ ላይ ያልቃል፦ የነፋሱን ፍጥነት ለውፍረቱ አካፍሉ፣ በ0.2 አባዙ። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ በሰከንድ 200 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህን ጆሮ ይሰማዋል። አሁን ሽቦውን ትታችሁ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ አስቡ። ውጤቱ በሰከንድ 4 ጊዜ ነው። ይህን ጆሮ አይሰማውም። አዙሪቱ ግን አለ፤ ትልቅና ጉልበተኛ ሆኖ ከቱቦው ጀርባ ይሄዳል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በ1914 ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኪንግ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ በነፋስ ሲቀዘቅዝ የሚያሳየውን ሕግ በሒሳብ አስቀመጠ። ሐሳቡ ትኩስ ሻይ እፍ ስንል ከምናደርገው አይለይም፤ ነፋሱ ሲበረታ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ የቅዝቃዜውን መጠን ከኤሌክትሪኩ ታነባላችሁ። ሽቦው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ ነፋሱ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ቢለዋወጥ እንኳን ይከተለዋል። ሰው የነፋስን ነውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "በዓይኑ" ያየው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው ብል አላጋነንኩም። አማካዩ ተሰበረ፤ ውስጡ ያለው ግርግር ታየ።

በ1952 ደግሞ እንግሊዛዊው ጀምስ ላይትሂል ነውጠኛ አየር ራሱ እንዴት ድምፅ እንደሚፈጥር በሒሳብ አሳየ። ያኔ ዓለም የጄት አውሮፕላን ጩኸት አስጨንቋት ነበር። የላይትሂል ውጤት አስደንጋጭ ነው፦ የጄቱ የአየር ፍጥነት በሁለት ቢባዛ የድምፁ ኃይል በሁለት ሳይሆን በ256 ይባዛል። ሌሎች ሳይንቲስቶች ቀጥለው ነውጡ ከጠንካራ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከክንፍ ጋር፣ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ሠሩ። ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ ክንፍ ላይ ያለው ኃይል ካልተለዋወጠ ብዙም አይጮህም፤ ኃይሉ ድንገት ሲለዋወጥ ግን አየሩን ይመታዋል። ከበሮ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉና ብትጫኑ ድምፅ የለም። ስትመቱት ነው የሚጮኸው።

አሁን ወደ ቡን እንመለስ።

ኬሊና ቡድኑ ዝቅተኛ ድምፅ የሚይዙ ማይክሮፎኖች ዘረጉ፤ ተርባይኗ አጠገብም፣ አቤቱታ ባቀረቡት ሰዎች ቤት ዘንድም። የአየሩን ሁኔታ ከምድር ወደ ላይ ለኩ። ቱቦና ክንፍ እየወሰዱ በዊንድ ተነል፣ ማለትም ነፋስ በሚነፋበት የሙከራ ዋሻ ውስጥ፣ ፈተሹ። ያገኙትን በ1985 በወጣ ዳጎስ ያለ ሪፖርት አስቀመጡት። ቁም ነገሩ እነሆ።

አንደኛ፦ ጩኸቱ ከማርሽም ከጄኔሬተርም አልነበረም። የሞድ አንድ ማማ አራት ክብ የብረት እግሮች ነበሩት። ነፋሱ በእነዚህ እግሮች መካከል ሲያልፍ ከየእግሩ ጀርባ አዙሪት ይተዋል፤ ያችው የስትሩሃል ነገር። ክንፉ ከጀርባ እየተሽከረከረ ሲመጣ በዚያ አዙሪት ውስጥ ይገባል። የማንሳት ኃይሉ በቅጽበት ይወድቃል፣ በቅጽበት ይመለሳል። በባጃጅ ደልዳላ አስፋልት ላይ ስትሄዱ ድንገት ጉድጓድ እንደመግባት ነው። ያ ድንገተኛ ለውጥ አየሩን ይመታዋል። ዱም!

ስንት ጊዜ? ተርባይኗ በደቂቃ 35 ጊዜ ትዞራለች፣ ሁለት ክንፍ አላት፤ ስለዚህ በደቂቃ 70 ምት። ከሰው ልብ ምት ጋር ተቀራራቢ ነው። ሰዎቹ ለምን በሰውነታቸው እንደተሰማቸው ስታስቡት ይገባችኋል። አዙሪቱ ደግሞ እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንዱ ምት ይጠነክራል፣ ሌላው ይለዝባል።

ሁለተኛ፦ "ለምን አንዳንድ ቀን ብቻ? ለምን አንዳንድ ቤት ብቻ?" ለሚለውም መልስ ተገኘ። ድምፅ ቀጥ ብሎ ብቻ አይሄድም። የአየሩ ሙቀትና የነፋሱ ፍጥነት ከምድር ወደ ላይ ሲለያይ ድምፁ ይታጠፋል። በተራራማ ቦታ ደግሞ የመሬቱ አቀማመጥ ይጨመርበታል። በተወሰነ የአየር ሁኔታ ድምፁ ታጥፎ ወርዶ የተወሰኑ ቤቶች ላይ ይሰበሰባል፤ አጉሊ መነጽር የፀሐይን ጨረር አንድ ነጥብ ላይ እንደሚሰበስበው። ጎረቤት ምንም ላይሰማ ይችላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛ፦ "ለምን ቤት ውስጥ ይብሳል?" የምቱ ጉልበት ያረፈው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ከፊሉ ጆሮ ከሚሰማው በታች። የእንጨት ቤት ግድግዳ፣ መስኮትና ክፍል ደግሞ እንደ ክራር ሳጥን ናቸው፤ የየራሳቸው የሚወዱት ድግግሞሽ አላቸው። የመጣው ምት ከሱ ጋር ሲገጥም ቤቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ሬዞናንስ ማለት ይኸው ነው፤ ለፈተና ብቻ አልነበረም!

ስለዚህ እነዚያ 12 ያህል ቤተሰቦች የተናገሩት ሁሉ፣ ምቱም፣ መንቀጥቀጡም፣ አንዳንድ ቀን መሆኑም፣ ቤት ውስጥ መባሱም፣ በፊዚክስ ተብራራ። አንዱም ፈጠራ አልነበረም።

ምን ተደረገ? ክንፎቹን ወደ ፊት ማዞር በተሠራ ማሽን ላይ አይሆንም። ስለዚህ ጄኔሬተሩን ለውጠው ዙሩን በደቂቃ ከ35 ወደ 23 አወረዱት። እስቲ አብረን እናስላ። የክንፉ ጫፍ በአንድ ዙር የሚሄደው 61 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 192 ሜትር ነው። በ35 ዙር በሰከንድ 112 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ23 ዙር ግን በሰከንድ ወደ 73 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት ሲቀንስ ድምፅ ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ ካየነው ውስጥ ነው። ግን ፍጥነት ሲቀንስ የምታመነጨው ኃይልም ይቀንሳል። ነፃ ምሳ የለም።

ሞድ አንድ ዕድሜ አላገኘችም። በ1981 መጀመሪያ ላይ የኃይል ማስተላለፊያዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። በ1983 ፈርሳ ከጉብታው ወረደች።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጣምም። ተርባይኖች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ነፋስ ያዞሩት በቡን ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ዴንማርክ ውስጥ ዮሃነስ ዩል የሚባል መሐንዲስ በ1957 ጌድሰር ላይ የተከላት ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን ፊቷ ወደ ነፋስ ነበር፤ የዛሬዎቹ አያት እሷ ናት። ከሞድ አንድ ቀጥላ የመጣችው ሞድ ሁለትም ክንፎቿ ከማማው ፊት ነበሩ። የክንፍ ድካሙም ምክንያት ነው። ግን "ከጀርባ ይሁን" ለሚል ሰው ከቡን በኋላ ጥያቄው ጨመረ፦ ጎረቤቱን ምን ልትለው ነው?

ታዲያ ክንፉ ወደ ፊት ሲዞር ጩኸት አለቀ? አላለቀም። ዱም ዱሙ እጅግ ቀነሰ፤ "ሽው፣ ሽው" የሚለው ቀረ። እሱስ ከየት ነው? ከጫፉ? ከመሐሉ? ከላይ ካለው ሳጥን?

እዚህ ጋ ሌላ ድንቅ መሣሪያ አለ። በ1976 ቢሊንግስሊና ኪንስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ለኮንኮርድ አውሮፕላን ሞተር ጩኸት ጥናት "የድምፅ ቴሌስኮፕ" ያሉትን ሠሩ፤ 14 ማይክሮፎን በአንድ መስመር። ሐሳቡ ሰው ሲጠራን አቅጣጫውን ከምናውቅበት ጋር አንድ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ ወደ አንዱ ጆሮ ቀድሞ፣ ወደ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ማይክሮፎኖቹ ሲበዙ የዘገዩበትን ጊዜ እያሰላችሁ የድምፁን ምንጭ ካርታ ታወጣላችሁ።

በ2007 ኔዘርላንዳዊው ስቴፋን ኦርለማንስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ለነፋስ ተርባይን አደረጉት። 58 ሜትር የክንፍ ክብ ካላት ተርባይን ፊት ለፊት መሬት ላይ የእንጨት መድረክ ዘርግተው 148 ማይክሮፎን ደረደሩበት። ካርታው ሲወጣ ትልቁ ጩኸት የሚመጣው ከክንፉ የውጭኛ ክፍል ሆኖ፣ ከጫፉ ትንሽ ገባ ካለ ቦታ ነው። በዚያ ላይ መሬት ላይ ለቆመ ሰው የሚጎላው ክንፉ ወደ ታች ሲወርድ ነው። አየሩ የክንፉን ኋለኛ ጠርዝ ለቅቆ ሲወጣ ነው የሚጮኸው። ምንጩ ከታወቀ መድኃኒቱ ይመጣል፦ ሌላ ተርባይን ላይ የአንዱን ክንፍ ኋለኛ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አደረጉትና ጩኸቱ በአማካይ በ3.2 ዴሲቤል ቀነሰ። የድምፁ ኃይል በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው።

ከሮቢንሰን ጣሳ እስከ 148ቱ ማይክሮፎን ያለውን ታሪክ ስታዩት፣ ሰው ቀስ በቀስ ከአማካይ እየተላቀቀ የሄደበት መንገድ ነው። የነፋሱ አማካይ ፍጥነት ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ለቅጽበት በሚወድቀው ነፋስ ላይ ነበር። የድምፁም አማካይ እንዲሁ ነው። ኬሊ በኋላ ፈቃደኛ ሰዎችን ክፍል ውስጥ እያስቀመጠ ዝቅተኛ ድምፅ አሰምቷቸው ነበር። በ1987 ያቀረበው ውጤት፣ በየቦታው የተለመደው የድምፅ መለኪያ ዘዴ የዚህን ዓይነቱን መረበሽ በደንብ አያሳይም የሚል ነው። ምክንያቱም ያ ዘዴ ዝቅተኛውን ድምፅ ሆን ብሎ አሳንሶ ይቆጥራል። ሜትሩ "ደህና ነው" ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን አይተኛም።

የሕዝቡም አማካይ እንዲሁ ነው። አብዛኛው የቡን ነዋሪ አልተረበሸም። በአማካይ ከሄዳችሁ ችግር የለም። ችግሩ ያለው እነዚያ 12 ያህል ቤቶች ውስጥ ነው።

መምህር ሆኜ ይሄ ነገር ውስጤ ይገባል። የክፍል አማካይ ውጤት 62 ሲወጣ ደስ ይለናል፤ ሪፖርት እንጽፋለን። በዚያ 62 ውስጥ ግን ቁርስ ሳትበላ የምትመጣ ልጅ አለች፣ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አለ። አማካዩ አይነግረንም፤ ልጆቹ ናቸው የሚነግሩን፣ ከሰማናቸው።

አገራችን ገና ብዙ ተርባይን ትተክላለች፣ ብዙ ፋብሪካ፣ ብዙ መንገድ። መተከሉም ጥሩ ነው፤ መብራት ያስፈልገናል። ከእናንተ ውስጥ መሐንዲስ የሆናችሁ፣ ወረዳ ላይ፣ ፕሮጀክት ላይ የምትሠሩ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት መጥተው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌሊት ሌሊት ቤቴን ይመታዋል" ቢሏችሁ፣ እናንተ ስትሄዱ ደግሞ ምንም ባትሰሙ፣ "የሉም" ብላችሁ አትመለሱ። መጀመሪያ መለኪያችሁ ምን መስማት እንደሚችል ጠይቁ። ከዚያ ማታ ተመለሱ፤ ቤት ውስጥ ገብታችሁም ስሙ።

 ተርባይን ወይም ፋብሪካ አጠገብ የምትኖሩ፣ የምትሰሙትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ቀን ነው ማታ? ውጭ ነው ቤት ውስጥ? ለፊዚክስ ተማሪ ታናናሾቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

ሰላም እደሩ!